ጥያቄ ከሌለ መኪና የለም

በዚያ መስከረም የቴሌቪዥኖቻችን ወሬ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ግማሹ የሚንኮታኮቱትን ባንኮች ያሳያል፣ ግማሹ ከባሕረ ሰላጤው እየተጠቀለለ የሚመጣውን አውሎ ነፋስ። እኔ የምሠራው በስቴቱ ጤና መምሪያ የዳላስ ቅርንጫፍ ነበር። በደጉ ጊዜ ሥራዬ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን መቆጣጠርና ስብሰባ ላይ እንቅልፍን መታገል ነው። አደጋ ሲመጣ ግን መምሪያው አንድ ሰው መርጦ ወደ ማስተባበሪያው ክፍል ይልካል። ዕጣው የዚያን ዓመት በእኔ ላይ ወደቀ።

ክፍሉ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ወንበር አለው፤ የትራንስፖርት ወንበር፣ የመጠለያ ወንበር፣ የመብራት ወንበር እያለ ይቀጥላል። እኔ የጤና ወንበር ነበርኩ። እዚያ ሰው በስሙ አይጠራም፤ "ጤና፣ አምቡላንስ ቀርቶልሻል?" ነው የሚባለው። በባሕሩ ዳርቻ ባሉት ከተሞችም ልክ እንደኛ ያለ ክፍል አለ፤ እዚያም የጤና ወንበር የሚባል ሰው ተቀምጦ ከእኔ ጋር በስልክ ይነጋገራል። መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ሲያስለው ግን እለየዋለሁ።

የክፍሉ ሕግ አንድ ነው። ማንም በደግነት ተነስቶ ምንም ነገር አይልክም። መጠለያው ከተማውን ይጠይቃል፣ ከተማው እኛን፣ እኛ ስቴቱን፣ ስቴቱ ደግሞ ፌዴራሉን። ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ይነሳል። ኃላፊያችን ጡረታ የወጣ መኮንን ነበርና "ጥያቄ ከሌለ መኪና የለም" የምትለውን ነገር ሌላው ሰው እንደምን አደራችሁ በሚልበት ቦታ ነበር የሚላት። መጀመሪያ ላይ ደሜን አፍልታው ነበር። ኋላ ግን፣ ሁሉም የመሰለውን ቢልክ መንገዱ ማንም ባልፈለገው ብርድ ልብስ እንደሚዘጋ ሲያስረዳን ገባኝ። ቢሆንም የእኛን ሰው ያላወቀ ሰው ያወጣው ሕግ ነው ማለቴን አልተውኩም። የእኛ ሰው መቼ ይጠይቃል?

ረመዳን ነበር፤ እኔም እጾማለሁ። ኃላፊው ውሃ እንደማልጠጣ አይቶ አንድ ቀን ጠርሙስ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና የተጠማ ሰው የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናል አለኝ። ነገሩን አስረዳሁት። በማግስቱም ጠርሙሱን አስቀመጠው፤ "ጀምበር ስትጠልቅ" ብሎ ሄደ። ደረቅ ሰው ነበር፣ ግን ክፉ አልነበረም።

ከባሕሩ ዳር የሸሹት ሰዎች በአውቶቡስ ይመጡልን ጀመር። መሃል ከተማ ያለው ትልቅ አዳራሽ በታጣፊ አልጋ ተሞላ። ሐኪምና መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሪቻርድሰን አካባቢ ባዘጋጀነው የሕሙማን መጠለያ እናስተኛለን። የሚያመላልሱት አምቡላንሶች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኛው ወደ ደቡብ ተልኳል። ማዕበሉ መሬት የነካ ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ትራንስፖርት ለሚቀጥሉት አውቶቡሶች ፈልጎ ዓይኑን ጥሎበታል።

የአዳራሹ ነርስ የደወለችው ያኔ ነው። የአስተርጓሚው መስመር አማርኛ የሚችል ሰው አጥቶ እያዞራት ነበር፤ አንዱ የጤና ወንበሯ ትችላለች አላት። አንድ ሽማግሌ አሉ አለችኝ። በኪሳቸው ካለው ካርድ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውንና ኢንሱሊን እንደሚወጉ አውቃለች። ከመጡ ጀምሮ ቀን ምግብ አይነኩም። መድኃኒታቸውን አላየችም። ወደ ሕሙማኑ መጠለያ እንዲሄዱ ብትለምን ጭንቅላታቸውን ይወዘውዛሉ፣ የሚያውቋት የእንግሊዝኛ ቃል "ኦኬ" ብቻ ናት። ስልኩን ሰጠቻቸው።

"አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ እንዴት ነዎት?"

"ወአለይኩሙ ሰላም ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ቤተሰቡስ? አገሩስ ሰላም ነው?"

ንግግራቸው የወሎ ነበር። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰላምታው ካልተጠናቀቀ ወሬ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ትራንስፖርት ሰዓቱን እያየ ጠረጴዛ ሲደበድብ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ እስከ አያቴ ድረስ ስቆጥር ነበር። ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኳቸው፤ ደህና ነኝ። ይጠማዎታል? ደህና ነኝ። ዓይንዎ ይጋረዳል? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

ለነርሷ ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም፣ እንዳታምኚው አልኳት። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሰው አስቸገርኩ እንዳይባል ሕመሙን የሚውጥ ሕዝብ ነን አልኩ። አገላለጼ ለራሴም ጣመኝ። ነርሷ ግን ሽማግሌው አእምሯቸው ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ናቸው፣ አልሄድም ካሉ እምቢ ብለዋል ብዬ ጽፌ አልፋለሁ አለች። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ኃላፊውም ከኋላዬ ቆሞ ሰምቶ፣ አልሄድም ያለ ሰው ጥያቄ የለውም፣ አምቡላንሱን ልቀቂ አለኝ።

ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አልኩና በሃይማኖት መጣሁባቸው። መንገደኛና ሕመምተኛ ጾም እንደማይገደድ አስታወስኳቸው። ሳቁ።

"ይህንን እኔ ነበርኩ ላንቺ የምነግርሽ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?"

ከጥቂት ደቂቃ በፊት እስከ አያቴ ቆጥሬላቸዋለሁ። ምላሳቸውም መተሳሰር ጀምሯል። ስኳሩ ወደ ጭንቅላታቸው እየወጣ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በጣም ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። እምቢ ካሉ እምቢ አሉ ብለው ጽፈው ይተዉዎታል፣ እዚያው አልጋዎ ላይ ይሞታሉ አልኳቸው፣ አንድም ቃል ሳላለዝብ።

"ይጻፉ" አሉ። "ብቻ ከዚህ አልንቀሳቀስም።"

"ከዚህ" ያሉት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዚህ ለምን? ብዬ ጠየቅኩ፤ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ብቻ ነበር። ነገሩን ቀስ እያሉ አወጡት። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ባሕሩ ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። መጦሪያው አንለቅም ስላለ እሷም ሽማግሌዎቿን ጥላ መውጣት አልቻለችም፤ አባቷን አውቶቡስ ላይ አሳፈረቻቸው። ስልክ የላቸውም። "ከሚያስቀምጡህ ቦታ ንቅንቅ እንዳትል፣ እዚያው መጥቼ አገኝሃለሁ" ብላቸዋለች። መድኃኒቱ የነበረበት በረዶ መንገድ ላይ ቀልጦ ኢንሱሊኑ ተበላሽቷል። መድኃኒት ከሌለ አለመብላት ይሻላል ብለው ነው የማይበሉት። ታመምኩ ካሉ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዷቸው ነው፤ ልጃቸው ስትመጣ ባዶ አልጋ ልታገኝ ነው።

ያ ሁሉ የይሉኝታ ትንታኔዬ ገደል ገባ። ሰውየው ያፈሩት ነገር አልነበረም። ልጃቸውን እየጠበቁ ነበር።

ፍርሃታቸው ደግሞ ከንቱ አልነበረም። የአዳራሹ መዝገብ የመጠለያ ወንበር ነው፣ የሕሙማኑ የእኔ ነው፤ የሕመምተኛ ምሥጢር ስለሆነ ሁለቱ አይነጋገሩም። ልጅቷ አዳራሹ ደርሳ አባቴ የት ሄደ ብትል መልስ የሚሰጣት ሰው አይኖርም ነበር። ይህንን ያዘጋጀነው እኛ፣ በስብሰባ ነው።

መጦሪያው የቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስሙን አያውቁም፤ በሩ ላይ መንቁረ ረጅም ነጭ ወፍ ተስሏል አሉ። ነርሷን ካጠገባቸው እንዳትርቅ ለምኜ በሌላው ስልክ የባሕሩን ዳር የጤና ወንበር ጠራሁት። ወፍ የተሳለበት መጦሪያ ስለው ወዲያው አወቀው። ስልኩ ሞቷል፣ ግን አንድ በጎ ፈቃደኛ በሬዲዮ ያገኛቸዋል አለኝ። መልእክት ላድርስ? ጥያቄ አለሽ? የጥያቄ ቁጥር ከሌለ ሬዲዮውን መያዝ አይፈቀድለትም። ኃላፊውን ቀና ብዬ አየሁት። የሚላክ ዕቃ የለም፣ መኪና የለም፤ የምጠይቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው አልኩት። ግንባሩን አሸት አድርጎ፣ ጻፊው አለ።

መልሱ እስኪመጣ የነበረው ጊዜ ረዘመብኝ። ባለቤቴ መሃል ላይ ደወለ፤ ዲኤፍደብሊው በሚባለው የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳል። "ፍላይቶቹ በሙሉ ካንስል ሆነዋል፣ ሶ መጥቼ ፒክአፕ ላድርግሽና አብረን እናፍጥር?" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ትራንስፖርት አውቶቡሶቹ ገብተዋል፣ አምቡላንሱን ስጪኝ ይላል። በሌላው ስልክ ሽማግሌው አጠገባቸው ከሌለ ሰው ጋር ሲያወሩ ይሰማኛል። ነርሷ ድምፅዋ ተለውጧል፤ ቶሎ በይ ትላለች።

ከዚያ ያ ሳል መጣ። የባሕሩ ዳር ወንበር የልጅቷን ቃል ከሬዲዮ እየሰማ ነገረኝ፤ ውሃው ምድር ቤቱን ሞልቷል፣ ሽማግሌዎቹን ይዘን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተናል፤ አባቴን በሉልኝ፣ የሚወስዱህ ቦታ ሂድ፣ የትም ብትሆን ፈልጌ አገኝሃለሁ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ዋጥኩትና ሁለተኛውን ነገርኳቸው።

"እሺ" አሉ። "እሷንስ ማን ያወጣታል? ውሃው የት ደርሷል?"

መዋሸት አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። እንግዲያው መኪናውን ለእሷ ላኩላት፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ አሉ። ከመጡ ጀምሮ ከሰው አንድ ነገር ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሰሌዳውን አየሁ። ወፍ የተሳለበት መጦሪያ የለም። የባሕሩን ዳር ወንበር ለምን ብዬ ብጠይቀው የመጦሪያው አስተዳዳሪ ጠዋት ለከተማው፣ ሁሉ ነገር አለን ብሎ ነበር፣ ከዚያ በኋላም ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተናል አሉ እንጂ አውጡን አላሉም አለኝ። ጥያቄ የለም። ያኔ ፈነዳሁ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮህኩ፤ ያልኩትን ግማሹን በአማርኛ ሳልለው አልቀረሁም።

ኃላፊው እስክጨርስ ጠበቀኝ። "ጠያቂው ማን ነው?" አለ።

"አባቷ።"

"አባት መሥሪያ ቤት አይደለም" አለና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ኪቦርዱን ወደ ራሱ ጎተተው፤ ጠያቂ በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ያን ቀን እሱም ሕጉን ጠበቀ፤ ጥያቄ አደረገው እንጂ ያለ ጥያቄ አልላከም።

አንባቢን ማስጨነቅ አልወድም፤ ሁለቱም ተርፈዋል። ነፋሱ ሲበርድ፣ በማግስቱ፣ ጀልባ ደረሰላት፤ ሽማግሌዎቿን አስቀድማ እሷ መጨረሻ ወጣች አሉ። የእኛ ጥያቄ ይሁን ያደረሰው ወይስ ተራቸው ደርሶ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በዚያ ሰዓት ግን ይህንን ማንም አያውቅም። አምቡላንሱ አዳራሹ በር ላይ ቆሟል፣ ቃሬዛው አጠገባቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ የተጻፈውን ካልሰማሁ አልተኛም ብለዋል። ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። እኔም ከስክሪኑ ላይ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸው ጀመር፤ ትራንስፖርት እንኳን አምቡላንሱን መጠየቅ ትቷል።

"የሚገኙበት፣ በሩ ላይ ወፍ የተሳለበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ላይኛው ፎቅ።"

"አሚን" አሉ።

ዱዓ የማደርግላቸው መስሏቸው ነው ብዬ ቀና አልኩ። ግን አላቋረጥኩም።

"የሚወጡት፣ መራመድ የማይችሉ አረጋውያንና አብረዋቸው ያሉ ሠራተኞች በሙሉ።"

"አሚን።"

"የሚያስፈልገው፣ ጀልባ።"

"አሚን፣ አሚን" አሉ፤ ነርሷም በስልኩ ውስጥ፣ ቃሬዛው ላይ ተኙልኝ አለችኝ።