ዳገቱን በጀርባ የወጣን ዕለት

እዚህ በምሠራበት የዓረብ አገር ያለው የአሠሪዬ መኪና አራቱም ጎማው የሚጎትት ነው፤ ከአስፋልት ወርዶ ግን አያውቅም። የፊት ዘንግ እንዳለው የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የመካነ ሰላም ሹፌር ልጅ ነኝና።

የአባቴ አሮጌ ፒክአፕ ከካምቢዮው ሁለት ዘንግ ይወጣለታል፤ አንዱ ወደ ኋላ ጎማዎች፣ ሌላው ወደ ፊት። በደህና መንገድ የሚሠራው የኋላው ብቻ ነው። የፊቱ ጭቃና ዳገት ሲመጣ ይጠራል። አባቴ ግን በጋ ከክረምት፣ ዘይቱ እንዲዳረስ ብለው፣ በየጁምዓው ከሶላት መልስ የፊቱን አስገብተው በኮረኮንቹ ጥቂት ይነዱታል። መጋጠሚያዎቹን ግራሶ፣ ወፍራሙን የማሽን ቅባት፣ የምቀባው እኔ ነበርኩ። አንድ ጎረቤታችን ቆመው ይስቁብን ነበር።

ለዕረፍት አገሬ በገባሁ ጊዜ፣ ከአባቴ ጋር ልንጠይቃት ሄደን ሳለ፣ ከላላ ከተማ ያገባችው እህቴ ምጥ ጠናባት። ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውሰዷት ተባለ፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። በአባቴ መኪና ተነሣን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ከታች አንድ ነገር ቋ አለ። የኋላው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ተሰብሯል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። እህቴ እጄን ጨምድዳ ትቃትታለች። እኔ ዱዓዬን ያዝኩ።

አባቴ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈው ከሥር ገቡ። የሚፈቱትን ብሎን እየተቀበልኩ በሻርፔ ጫፍ ቋጠርኩ። የተሰበረውን ዘንግ አውጥተው ጫኑት፤ እኔ የፊት ጎማዎቹን ከዘንጋቸው ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ በእጄ አዞርኩ፤ እሳቸው የፊቱን ማርሽ አስገቡ። ሄደ፣ አልሐምዱሊላህ። ጥቂት እንደወጣን ግን የፊት ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ በባዶ ይሽከረከሩ ጀመር። ሽቅብ ሲሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊቱ ይቀላል። አባቴ ወደ ሜዳው ተመልሰው መኪናውን አዞሩት። በኋላ ማርሽ ከወጣን ክብደቱ የሚሠሩት ጎማዎች ላይ ያርፋል አሉ። አንገታቸው ግን እንደ ልብ አይዞርላቸውም።

«ውረጂና ቅደሚ፣ ልጄ» አሉኝ። «ዛሬ ዓይኔ አንቺ ነሽ።»

ፊቴን ወደ መኪናው አድርጌ፣ ግራ ቀኙን በእጄ እያሳየሁ፣ ዳገቱን በጀርባዬ ወጣሁ። ከገበያ የሚመለሱ አንድ ቄስ ከበቅሏቸው ወርደው አማተቡ፤ ወዲያው በበትራቸው ከመንገዱ ድንጋይ ያነሱልን ጀመር።

እህቴ ምጡ ፋታ ሲሰጣት በመስኮቱ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ሆስፒታል እወስድሻለሁ ብለው ፊቴን ወደ ቤቴ አዞሩት?»

«ጀርባሽ ከደረሰ ይበቃሻል፣ ዝም በይ።»

ጫፉ ላይ አዙረን፣ ሜዳውን በፊት ጎማ ብቻ አቋርጠን ከተማ ገባን። ከዐስር ሶላት በፊት እህቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና።

በቀጣዩ ጁምዓ አባቴ ዘንጉን አስጠግነው እንደ ልማዳቸው ሊነዱ ወጡ። ይስቁብን የነበሩት ጎረቤት የራሳቸውን መኪና ይዘው መጡና፣ የቱ የቱ ጋ ነው ግራሶ የሚቀባው ብለው አባቴን ጠየቁ።

አባቴ ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷን ጠይቅ» አሉ።