የላሎብ አረፋ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባነው በረሃቡ ጊዜ ነው፤ እናቴና እኔ ብቻ። እግሯ ከመንገዱ ብዛት አብጦ መርገጥ ሲያቅታት አንድ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ዳስ ሰጠን፤ ያውም እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ሎሪ መጥቶ ስደተኛውን ወደ ካምፕ ይወስዳል፣ ከተማ የሚቀረው ሥራ ያለው ብቻ ነው ተባለ። ካምፑ ውስጥ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ይኬዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ በዚያ እግሯ እንደማትከርም አወቅሁት።

የነጋዴው ሚስት ልብስ አጣቢ ትፈልግ ነበር። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ ያለ ሳሙና ወተት አስመስዬ አጥባለሁ አልኳት። ሳሙና ከራሷ ሱቅ እንኳ የጠፋበት ጊዜ ነው። የተማመንኩት ከአገሬ ይዤው በወጣሁት እንዶድ ነበር። የባሏን ነጭ የዒድ ጀለቢያ ተቀብዬ ዳሳችን ገባሁና ከረጢቱን ፈታሁት፤ ለካ ወንዝ ስንሻገር ርሶ ሻግቷል፣ ሲነኩት እንደ ጭቃ ይላቆጣል። ምላሴን ረገምኩት!

ጎረቤታችን የነበረች ሱዳናዊት በዚያው ቀን አንድ እፍኝ ላሎብ ሰጥታን ነበር። ላሎብ የበረሃ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ልጆቿ ቀኑን ሙሉ እንደ ከረሜላ ይመጥጡታል። ለእናቴ ጣፋጩን ውኃ ላጠጣት ብዬ ዘፍዝፌ ባሸው፣ አረፋው ሳፋውን ሞልቶ ወጣ። እናቴ ከተኛችበት ተነሣች።

"ድፊው! እንዶድ ነው፣ አንጀት ይቆርጣል።"

ልጆቹ ሲበሉት እየዋሉ ምንም አልሆኑም ብላት አልሰማችኝም። እኔ ግን እንዶድ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። እንዶድ ከሆነማ ምን እፈልጋለሁ! ጀለቢያውን ነከርኩት። አንገትጌውን አሸሁ፣ ደግሜ አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። እጣቢውን ሰው ሁሉ ከሚጠጣበት ኩሬ አርቄ ሜዳ ላይ ደፋሁት። የእንዶድ ውኃ ዓሣ ይፈጃልና አገራችንም ወንዝ ውስጥ አንደፋም።

የነጋዴው ሚስት ጀለቢያውን ገለባበጠችው፣ ብብቱን አየች፣ አሸተተችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ የቤቱን ልብስ በሙሉ በአንሶላ ጠቅልላ እግሬ ሥር ጣለችልኝ። እሰይ! ያን ጥቅል ተሸክሜ ስወጣ የሄድኩት አረማመድ የንግሥት ነው፣ አላፍርበትም።

ቅዳሜ ሎሪው መጣ። ረዳቱ በራችን ላይ ቆሞ በአረብኛው ውጡ፣ ውጡ ይላል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እናቴ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ድፊው ያለችኝን ላሎብ እስከ ክርኗ ገብታበት ታሻለች። አረብኛ አታውቅም፤ አረፋ የዋጠውን እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችውና በአማርኛዋ መለሰችለት።

"ሂድ ልጄ፣ እኛ ሥራ ላይ ነን።"