ከቀሚሴ ሥር የነበረው እግር

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ቅቤ ስሸጥ ብዙ አወራለሁ፤ ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ብቻ ልናገር ቆሜያለሁ። እግሬም ስለሚያብጥ አላስረዝምም።

በፊት ጌታን የማውቀው ለቅሶ ቤት ስሙ ሲጠራ ብቻ ነበር። ሶዶ ገበያ ከጠዋት እስከ ማታ ስቆም የግራ እግሬ ሥሮች እንደ ገመድ ተገትረው ወጡ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ረጅም ቀሚስ ለበስኩና ዝም አልኩ። ለምን? ልጄን አስቴርን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊመጣ ነበራ! እኛ ጋ ደግሞ አስቀድሞ ዘር ይጣራል፤ "እነሱ ቤት ዝሆኔ አለ" ከተባለ አለቀ።

ጉኑኖ አካባቢ አዋቂ አለ ሲሉኝ ሄድኩ። "መጥፎው ውሃ ይውጣ" ብሎ በምላጭ በጣኝ። ውሃው ወጣ፤ መግል ገባ። እያቃዠኝ ኦቶና ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሐኪሙ "እናቴ፣ የጀመረው ከደም ሥር ነው" አለኝ። "ደሙን ወደ ላይ የሚመልሰው ሥር ሲደክም ውሃ ወደ ሥጋዎ ይወጣል። ያን ውሃ የሚጠርጉ ሌሎች ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ ሊምፍ ይባላሉ። ሥራ በዛባቸውና እነሱም ደከሙ። ቁስሉ ደግሞ ጨርሶ ጎዳቸው።"

"አንዱ ተሸካሚ ሲተኛ ጭነቱ በሌላው ላይ ወደቀ በሉኛ!"

"እንደዚያው ነው።"

"ይመለሳል?"

"እንደ ድሮው አይሆንም። ከታጠበ፣ በፋሻ ከታሰረ፣ ከፍ ተደርጎ ካረፈ ግን እንዳይብስ ይያዛል።"

አስቴር ስትገባ ፊቷን አይቼ ገባኝ።

"እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ቀሩ።"

"የእግሬ ነገር ተሰማ?"

"ገበያው ሁሉ ያወራል።"

ከዚያ ሳሙና አወጣች። የሚሸተውን እግሬን እያጠበች መጸለይ ጀመረች። ለማን? ጥለዋት ለቀሩት! "ጌታ ሆይ፣ ቤታቸውን ባርክ" ትላለች።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?"

"ዝም ብለሽ እግርሽን ዘርጊ፣ እማዬ።"

ወገኖቼ፣ እኔ እኮ ምርቃት እንኳ የምሰጠው ለገዛኝ ሰው ነው! ልጄን እንዲህ ያደረጋትን ጌታ ፈራሁት። አልቅሼ "ያንቺን ጌታ እፈልገዋለሁ" አልኳት። እዚያው አልጋ ላይ ተቀበለኝ። ስሙ ይባረክ!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እግሬ ዛሬም ያብጣል። አስቴርም አላገባችም፤ ያቻትና፣ ከኋላ ተቀምጣለች። ይሄ ሁሉ ሆኖም በወላይትኛችን "ጋላታይስ" እላለሁ፤ ጌታዬ፣ አመሰግንሃለሁ! ከእንግዲህ አልደብቅም። ይኸው፣ ቀሚሴን ሰብስቤዋለሁ፤ እዩት።

እናንተም በሱሪ ይሁን በቀሚስ ሥር የደበቃችሁ ካላችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ ምላጭን አትመኑ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በሩ ጋ ነኝ፤ ሐኪም ቤት አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ብቻ ቀስ እያልን ነው የምንሄደው።