በአንድ ቃል የተከደነ ድስት

ልጅ እያለሁ «ጠግቤያለሁ» የሚለው ቃል ሰው ሁሉ ውሸት መሆኑን እያወቀ ዝም የሚለው ነገር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ሰው ቤት ገብተሽ «እንብላ» ሲሉሽ ጠግቤያለሁ በዪ፤ ሲደግሙሽም ጠግቤያለሁ በዪ፤ «በሞቴ» ካሉሽ ግን እምቢ ማለት ነውር ነውና እጅሽን ታጥበሽ ቅረቢ ትለኝ ነበር። ገና በመጀመሪያው ጥሪ ዘው ብሎ የሚቀርብ ልጅ ሆዳም ይባላል፤ ሆዳም ደግሞ ፍቅር አያውቅም። ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ የምንኖረው ናይሮቢ መሆኑ ነው።

ኢስትሊ በሚባል ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ ባለ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔና እናቴ ብቻ። እሷ እዚያው ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ጠዋት አብረን ወጥተን እሷ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩን የምከፍተው ራሴ፣ «መጣሽ?» ብዬ ራሴን የምጠይቀውም ራሴ ነኝ። ከታች ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ረዳቶች ጩኸትና የተጠበሰ ዘይት ሽታ በመስኮት ይገባል። ክፍሉ ውስጥ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ያንን ጸጥታ አልወደውም ነበር።

ደግሞ ይርበኛል። ቁርሴ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ስበላው ሆዴን ይነፋኛል፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ምሳዬ ማንዳዚ ነው፤ የኬንያ ቦምቦሊኖ በሉት። ዘይት የጠጣ፣ ጣፋጭ፣ አፍ ላይ ደስ የሚል ነገር ነው፤ እሱም እንደ ዳቦው ብዙ አይቆይም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃውን የምወጣው ሆዴን ይዤ ነበር።

ፊት ለፊታችን የክፍል ጓደኛዬ የኒያምቡራ ቤት ነበር። እናቷን ሰፈሩ ሁሉ ማማ ኒያምቡራ ይላታል፤ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ጊቴሪ ትሠራለች። በቆሎና ቦሎቄ አብሮ ይቀቀልና በሽንኩርትና በቲማቲም ይጠበሳል፤ ንፍሮ ወጥ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ማለት ነው። ሽታው ኮሪደሩን አቋርጦ በራችን ሥር ይገባል። እኔም ደብተሬን ይዤ የቤት ሥራ ልጠይቅ እንደመጣሁ ሆኜ እገባለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማማ ኒያምቡራ ድስቱን ከፍታ «ካሪቡ፣ ነይ ብዪ» አለችኝ። ምራቄን ውጬ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «ኒሜሺባ» አልኩ፤ ጠግቤያለሁ ማለቴ ነው። «ሳዋ፣ እሺ» አለችና ድስቱን ከደነችው።

ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ጀመርኩ። ኒያምቡራና ወንድሞቿ ሳህናቸውን ታቅፈው ይበላሉ፤ እኔ ደብተሬን እያገላበጥኩ አሁን ትለኛለች፣ አሁን ትለኛለች እላለሁ። ማማ ኒያምቡራ የእኔን ቃል አምና ስለ ትምህርት ቤት ትጠይቀኛለች። ልጆቹ ጨርሰው ሳህኑ ታጠበ። ወደ ክፍላችን ተመልሼ ውኃ ጠጣሁና አለቀስኩ። ከረሃቡ ይልቅ ያስለቀሰኝ የመሰለኝ ነገር ነው፤ ሰዎቹ የማይወዱኝ መሰለኝ። ሰው የሚወደውን አንዴ ብቻ ጠይቆ እንዴት ይተዋል? ግን በማግስቱም ሄድኩ። «ካሪቡ» ትለኛለች፣ «ኒሜሺባ» እላለሁ፣ ድስቱ ይከደናል። ሳምንቱ እንዲሁ አለቀ።

እሑድ ከቸርች ስንመለስ ማማ ኒያምቡራ እናቴን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። «እስኪ ንገሪኝ፣ ይቺን ልጅ ምንድን ነው የምታበያት? ሁልጊዜ ጠግባለች። የእኔዎቹ እኮ ጥጋብ አያውቁም» አለች እየሳቀች። እናቴም በምታውቃት ጥቂት ስዋሂሊ ስቃ አመሰገነችና ገባን። በሩን ስትዘጋ ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«እንብላ ስትልሽ ምን አልሻት?»

«ጠግቤያለሁ አልኩ።»

«እሺ፣ ስትደግምሽስ?»

«አትደግምም። ትከድነዋለች።»

እናቴ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወደ ራሷ ስባ አቀፈችኝ። «ልጄን በይሉኝታ በረሃብ ልገድላት ነበር» አለች፤ መሳቅ ጀምራ መሃሉ ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እነሱ ሰው ያለውን ያምናሉ። ክፋት የለባቸውም፣ እንዲያውም ማክበራቸው ነው። ከእንግዲህ አንዴ ሲሉሽ ብዪ። በሞቴን ለእኔ ተዪው።»

ሰኞ «ካሪቡ» ስባል «ኒሜሺባ» ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በእጄ ያዝኩና «እሺ» አልኩ። ያንን ጊቴሪ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማላመጡ ራሱ ሥራ ነው። ሆድ ውስጥ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፤ እስከ ማታ ስለ ምግብ አላሰብኩም። ማታ እናቴ ከምግብ ቤቱ የተረፈ እንጀራና ሽሮ ይዛ ስትመጣ ግን ጠግቤም ቢሆን አንድ ሳህን ላይ እንቀርባለን። «ጠግቤያለሁ» እላለሁ፣ እውነቴን ነው። «በሞቴ» ትላለች ጉርሻውን ይዛ። እስቃለሁ፣ እጎርሳለሁ።

አሁን እዚያው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ሊፍት ባለው ፎቅ፣ ጎረቤቶቼን በስም በማላውቅበት። ቢሮ ቁጭ ብዬ ስውል ኪሎዬ ጨምሮ ሐኪም ወደ ምግብ ባለሙያ ላከኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ካሎሪው ብዙ ሆኖ ቶሎ እንደሚያስርብ፣ ቦሎቄና ጎመን ግን በትንሽ ካሎሪ ሆድ ውስጥ እንደሚቆዩ በሥዕል አስረዳችኝ። ይህን ገላዬ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል ብዬ በልቤ ሳቅኩ። ከማን ጋር እንደምበላ ጠየቀችኝ። ብቻዬን አልኳት። «በጣም ጥሩ፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን አብዝቶ ይበላል» አለች። የእኛ ሰው ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንደሚል አልነገርኳትም።

የነገረችኝን አደርጋለሁ። ቦሎቄዬን እቀቅላለሁ፣ ጎመኔን እከትፋለሁ፣ ስልኬ ካሎሪዬን ይቆጥርልኛል። ክብደቴ ቀንሷል፤ ቢሮ ውስጥ ቀጠንሽ፣ አማረብሽ ይሉኛል። ረሃብም የለብኝም። ድሮ ከዚህ ያነሰ እየበላሁ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር፤ አሁን ሆዴ ሞልቶ የሆነ ነገር የቀረኝ ይመስለኛል። ጠረጴዛው ላይ ሳህኔን ገፋ ሳደርገው ተገፍቶ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል «በሞቴ» የምትለኝ አንዲት ሴት ነበረች። እሷም አምና ሞተች።