በጉቴ ሁለቱን ጋላክሲዎች ያየንበት ማታ

ያን ማታ ነቀምት አጠገብ ባለችው ጉቴ ውስጥ፣ ከመምህር ገመቹ ቤት ጀርባ የነበርነው ሦስት ነን፤ መምህሩ፣ ልጃቸው ለሊሴና እኔ። ኋላ ዱላ ይዘው የመጡትም ሦስት ናቸው፤ ሁለት ጎረቤቶቻችንና አባቴ።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቴም ከዚያ ብዙ አልራቀም። መምህር ገመቹ ሳይንስ ያስተምሩን ነበር። ቴሌስኮፓቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ መስታወቱን ዘመድ ልኮላቸው፣ አካሉን ከወፍራም የውሃ ቱቦ ቆርጠው ጥቁር ቀለም ቀቡት። በጋ ስለነበር አየሩ የተቃጠለ የበቆሎ አገዳ ይሸታል።

ሥርዓታቸው ጥብቅ ነበር። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ምንም መብራት አይበራም። ጠንቃቃ ናት ብለው ባትሪውን ለእኔ ሰጡኝ። «አትፍጠጪበት፤ ጎን ጎኑን እዪ፣ ራሱ ይመጣል» አሉኝ። እውነትም ሁለቱ ጋላክሲዎች መጡ፤ ሁለት የደበዘዙ ጭረቶች፣ ጎን ለጎን፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንደቀረ ዱቄት።

«ተቃቅፈው ነው?» አለች ለሊሴ።

«ተደባድበው ነው። አንዱ የሌላውን ገላ እየጎተተ ይበጣጥሰዋል።»

«እንደ እኔና እንደ ዘሀራ በለኛ፣ አባ» አለች እኔን በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

አፋችንን ይዘን ሳቅን።

በዚያ ሰሞን ከብት ይሰረቅ ስለነበር ወንዶቹ በየተራ ሰፈር ይጠብቃሉ። ከወሎ በሰፈራ የመጣው አባቴ «መብራት የሚሸሽ ሌባ ነው» ይል ነበር። ከጓሮው በኩል የበቆሎው አገዳ ተንኮሻኮሸ። «ኤኙ? ማነህ?» የሚለው ድምፅና ዱላው እኩል ደረሱ። የመጀመሪያው ምት መምህሩን አፋቸው ላይ አገኛቸው፤ ስማቸውን ሳይናገሩ ወደቁ። ሁለተኛው ቱቦውን ሰበረው። መስታወቱ ሲደቅቅ ሰማሁ።

«እንዳያመልጥ፣ በለው!» ያለው አባቴ ነበር።

ለሊሴ አባቷ ላይ ልትወድቅ ስትሮጥ ክንዷን መቷት። «ባትሪውን! ባትሪውን አብሪው!» እያለች ጮኸች። ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር። ግን አክስቴ ቤት አድራለሁ ብዬ ዋሽቼ ነበር የወጣሁት፤ አባቴ እንዳያየኝ ፈራሁ። እኔ ስፈራ ሁለት ዱላ አረፈ፤ የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሳበራው አባቴ ለሦስተኛው ዱላ አንስቶ ነበር። የገዛ ልጁን መምህር ፊት በደም ተሸፍኖ አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። «ያ አላህ፣ መምህር» አለ። ከዚያ አዝሏቸው እስከ አስፋልቱ ሮጠ፤ በጭነት መኪና ነቀምት አደረሳቸው። ቀኝ ዓይናቸው ግን አልተረፈም።

ሽማግሌ ገባ፤ መምህሩም አባቴን ይቅር አሉት። «ጨለማ ነው፣ ገመቹ መሆኔን በምን ታውቃለህ» አሉት። ባትሪውን ለምን እንዳዘገየሁ እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ለሊሴ ታውቅ ነበር። ክንዷ ታስሮ አጠገቤ ስትቀመጥ ደብተሯን ወደ ሌላው ጎን ታዞረው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ቤተሰቡ ቢላ ወደምትባል ከተማ ሄደ።

አሁን ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። የመንገዱ መብራት ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ልጆቼ ኮከብ የሚያዩት በስልክ ነው። እኔም ሳይመሽ ቆጥሬ አስገባቸዋለሁ፣ በሩንም ሁለቴ እሞክራለሁ። ያኔ፣ ከብት በሚሰረቅበት ሰሞን እንኳ፣ እናቶቻችን በራችንን ከፍተው ነበር የሚተኙት። ክፉ ወሬ በበዛባቸው በእነዚህ ዓመታት ወደ ቢላ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ እስካሁን የሚያውቃት አላገኘሁም።

ይህን የምታነቡ፣ የመምህር ገመቹን ልጅ ለሊሴን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለች፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።