ብቻውን ለሚገጥም ሰው

ሰፈርተኛው «መመሪያ» እያለ ነው የሚጠራት። ሥራዋ ነዋ! ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ አልጋና ቁም ሣጥን ፈታትቶ በካርቶን ይሸጣል፤ ገዢው እንዴት እንደሚገጣጥመው የሚያስረዳውን ወረቀት በእንግሊዝኛ የምትጽፈው እሷ ናት። እንግሊዝኛን ያወቀችው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው እንጂ ከእናቷ አፍ አይደለም። ቢሆንም አጻጻፏ አጭርና ጥርት ያለ ስለሆነ ፋብሪካው ወዶላታል።

ዘንድሮ ግን አዲስ አርታኢ መጣችና የቁም ሣጥኑን መመሪያ መለሰችባት። «‹ሌላው ሰው ጎኑን ደግፎ ይያዝ› ብለሻል። ሌላው ሰው ማነው? ብዙዎቹ ደንበኞቻችን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሥራውን እዚሁ አገራችን ላለ ጸሐፊ እንሰጣለን።»

መመሪያ ክው አለች። እንግሊዝኛዋን ቢነቅፉባት መልስ ነበራት፤ ይሄ ግን ዱብ ዕዳ ነው። እሷ ቤት አንዲት ሚስማር ስትመታ እንኳ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይይዛል፣ የቀረው ሁሉ ያዛል። ብቻውን ቁም ሣጥን የሚያቆም ፍጡር ይኖራል ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም።

ፋብሪካው ለሙከራ የላከላትን ሳንቃ ሳሎን መሃል ዘረገፈችና ቤተሰቡን ጠራርጋ ወደ ጓዳ አስገባች።

«ማንም እንዳይረዳኝ!»

«ወገብሽን ልትቆርጪ ነው እንዴ?» አለ ባሏ።

«ግባ ብዬሃለሁ!»

ጎኑን ስታቆም ጀርባው ይወድቃል፤ ጀርባውን ስትይዝ ጎኑ። አማቷ በበሩ ክፍተት አጮልቀው እያዩ አላስቻላቸውም። «ኧረ በግራ በኩል ያዢው አንቺ ልጅ!»

«እማዬ፣ በሞቴ ዝም ይበሉ!»

እልህ ያዛት። ሥራዋን ትወዳለች፤ ለማንም አሳልፋ የምትሰጠው አይደለም። ሳንቃውን ሁሉ ወለሉ ላይ በደረቱ አስተኝታ ገጠመችው። እንዳይንሸራተት እግሩን ከግድግዳው አስጠጋች፣ አናቱን መጀመሪያ ወንበር ላይ አሳረፈች፣ ትንፋሿን ሰብስባ ገፋችው። ቆመ! ላቧን ጠርጋ መመሪያውን እንደ አዲስ ጻፈችና ላከች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ የአርታኢዋ መልስ ከፎቶ ጋር ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኳ ላይ ተደፋ። እሷም እየተረጎመች አነበበችላቸው። «ዛሬ ጠዋት ጽሑፍሽን ይዤ እቤቴ ብቻዬን ገጠምኩት። ቆሟል። መመሪያው ይታተማል፤ ቀጥሎ አልጋውን ትጽፊያለሽ። ፎቶውን የላክሁልሽ ሌላ የማሳየው ሰው ስለሌለኝ ነው።»

ሥራዋ ተረፈላት። መመሪያ በደስታ ልትዘል ስትል የመጨረሻዋ ቃል አንጀቷን በላችው። ባሏም አቀርቅሮ ስልኩን ለእናቱ አቀበለ።

«ብቻዋን? ያን የሚያህል?» አሉ አማቷ ፎቶውን አተኩረው እያዩ። «ታዲያ ምን ያስቆዝማችኋል? አጨብጭቡላት እንጂ!»

ቤቱ በጭብጨባና በ«ጎበዝ!» ተናጋ። መመሪያ ድምፁን ቀድታ ለአርታኢዋ ላከችላት።