የእትዬ አሳየች የመጨረሻ ፈተና

የእትዬ አሳየች አንድ ተራ ቀን ብዙ ብር አይፈጅም። ጠዋት አንድ ዳቦ፣ ግማሹ ለማታ የሚቀመጥ። ከጉልት አንድ እስር ጎመን፣ ሲረክስ ሽንኩርት። ወር በገባ ቁጥር ደግሞ የጉልበት መድኃኒት። ታክሲ የሚሳፈሩት እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ውዱ ነገር ሌላ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ወጥቶ መግባት ጉልበት ያስከፍላል፤ ሳይወጡ መዋል ደግሞ ድምፅ ያስከፍላል። አንዳንድ ቀን አመሻሽ ላይ በራቸው ሲንኳኳ «ማነው?» ለማለት መጀመሪያ ጉሮሯቸውን መጥረግ አለባቸው። ከነጋ የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነዋ።

ሰው አያውቃቸውም ማለት ግን አይደለም። በቤተ ክርስቲያናቸው እህት አሳየችን የማያውቅ የለም። በደርግ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ ግራ እጃችሁን አንሡና መፈክር አሰሙ ሲባል ያላነሡት እሳቸው ናቸው። መፈክሩ ከሁሉም በፊት አብዮት ይል ነበር። እሳቸው ከሁሉም በፊት የሚያስቀድሙት ሌላ ስለነበራቸው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ዝም አሉ። ታሰሩ። ሲፈቱ ስማቸው ከተመራቂዎቹ ዝርዝር ተሰርዞ ቆያቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ አለፈ።

የወጣቶች ጉባኤ በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ይጠሩና ይህንኑ ይመሰክራሉ። ጉባኤው እልል ይላል፣ አንዱ ደግፎ ያወርዳቸዋል፣ ሌላው ለስላሳ ከፍቶ ይሰጣቸዋል። ምን ነበር የተማሩት ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። ኬሚስትሪ ነበር። ያ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰው፣ ወረቀታቸውን አስረክበው ነበር።

የዲግሪውን ነገር የቀሰቀሰችው ከፊት ለፊታቸው ያለችው ጎረቤት ርሆቦት ናት። ባለፈው ክረምት ልጇን ታቅፋ ገብታ፣ ስልኳ ላይ ያገኘችውን ታሪክ አነበበችላቸው። በናዚ ዘመን ጀርመን አገር አይሁዳውያን ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሳለ ዲግሪ ይከለከሉ ነበር። አንዷ የሕክምና ተማሪ የዶክትሬት ጽሑፏን አስገብታ፣ ፕሮፌሰሯም ተቀብሏት ሳለ፣ እናትሽ የአይሁድ ዘር ናት ተብላ የቃል ፈተናው ላይ እንዳትቀመጥ ተደረገች። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪዋን የሰጣት ዕድሜዋ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

እትዬ አሳየች መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና፣ «ዝም ብለው ሰጧት ወይስ ፈተኗት?» አሉ።

ርሆቦት ወረድ ብላ ፈለገች። «ፈትነዋታል እትዬ። መምህራኑ ቤቷ ድረስ ሄደው።»

«ጎሽ። እንደሱ ከሆነ የራሷ ነው።»

ስለ ሌሎቹም ጠየቁ። ብዙዎቹ ተሰደዋል፣ ብዙዎቹ ተገድለዋል፣ የአንዳንዶቹን ዲግሪ የተቀበሉት ዘመዶቻቸው ናቸው። እትዬ አሳየች የእነሱንና የእሳቸውን መከራ አንድ አላደረጉም፤ እኔ እኮ ከእስር ወጥቼ ሰፍቼ በላሁ አሉ። ግን ዘመድ የሚለውን ሲሰሙ ቤታቸውን ዞር ብለው አዩት። የእሳቸውን የሚቀበል ማንም የለም።

በሳምንቱ ወደ ተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሄዱ። ያስተናገደቻቸው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ወንበር ሰጥታ ፈለገችላቸው። እስከ አራተኛው ዓመት አጋማሽ ያለው ውጤት ተገኘ፣ የመጨረሻው የለም። አብረዋቸው የተፈተኑ ሁለት ሰዎች ቀርበው ፈተናውን መውሰዳቸውን ቢመሰክሩ ጉዳዩ ለኮሚቴ እንደሚቀርብ ነገረቻቸው።

ሁለት ሰው። ከክፍል ጓደኞቻቸው የሞተ አለ፣ ባሕር ማዶ የቀረ አለ፣ ወሬው የጠፋ አለ። የት እንዳሉ የታወቀው ከበበ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ይኖራሉ።

እትዬ አሳየች ታክሲው እስከሚደርስበት ድረስ ሄደው፣ የቀረውን በባሕር ዛፉ መሀል በእግራቸው ወጡት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ እሳቸው መንገድ ይለቁላቸዋል፤ ለማረፍ ሰበብ በማግኘታቸው ደስ ይላቸዋል።

ጋሽ ከበበ በር ከፍተው ትንሽ ካዩአቸው በኋላ፣ «እጇን ያላነሣችው» ብለው አቅፈው ሳሟቸው። ምንም አላረጀሽም ብለው ዋሹላቸው፤ እሳቸውም ፀጉርህ ወዴት ሄደ ብለው መለሱላቸው። ጋሽ ከበበ ያን ቀን ከፍርሃታቸው የተነሣ መጀመሪያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ በኋላ ወደ ግራ እንደቀየሩ እየሳቁ አወሩ። ከዚያ ሳቁ ቀረ።

እትዬ አሳየች የመጡበትን ተናገሩ። «የመጨረሻው ፈተና ላይ አይተኸኛል?»

«እንዴት ትቀሪያለሽ? ነበርሽ እንጂ።»

«በግምት አይደለም። በፈተናው መሀል አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ምን ነበር?»

«መብራት ጠፋ?»

«በጠራራ ፀሐይ?»

ጋሽ ከበበ አቀረቀሩ። «እውነቱን ልንገርሽ አሳየች፤ የማስታውሰው እጅሽን ብቻ ነው። ግን ግድ የለም፣ እፈርምልሻለሁ። ያኔ አልቆምኩልሽም፣ አሁን ልቁምልሽ።»

እትዬ አሳየች በልባቸው አሰሉ። ይህን ፊርማ ከያዙ ግማሹ መንገድ አለቀ ማለት ነው፤ ሁለተኛውም በዚሁ ዓይነት አይጠፋም።

«ተው ከበበ» አሉ በመጨረሻ። «ያላመንኩበትን አልናገርም ብዬ ነው የተባረርኩት። ያላየኸውን አስፈርሜህ ብመረቅ ምን ይረባኛል?»

ጋሽ ከበበ እስከ መንገዱ ሸኟቸው። ለጉልበታቸው ከዳገቱ ቁልቁለቱ ባሰ። ቤት ሲደርሱ ርሆቦት ልጇን እሹሩሩ ስትል በበሩ በኩል ይሰማ ነበር። ቆመው አዳመጡና ሳያንኳኩ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ግን አንኳኩ። ለሚያነብ ሰው ይድረስልኝ ብለው በርሆቦት ስልክ ያስጻፉትም ይኼ ነው።

«በ1971 ዓ.ም. የአራተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ተማሪ የነበራችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ የነበሩ፣ እባካችሁ ስለ እጄ አትንገሩኝ፤ እሱን ጠግቤዋለሁ። በመጨረሻው ፈተና መሀል ምን እንደሆነ ጠይቁልኝ። እዚህ አላስጽፈውም፤ እዚያ የነበረ ሰው እሱ ራሱ ይነግረኛል። ቶሎ ጠይቁ፣ እነሱም እንደኔ አርጅተዋል። እንደገና ፈተና ተቀመጪ ቢሉኝም እቀመጣለሁ፣ እየከለስኩ ነው። የካ አባዶ መጥታችሁ ልብስ ሰፊዋ አሳየች ብትሉ ያሳዩአችኋል። አንኳኩታችሁ ድምፅ ካጣችሁ እንዳትመለሱ፤ ጉሮሮዬን እስክጠርግ ጠብቁኝ።»